የደረሰና ያልደረሰ ጉዳተኛ፦ የከባድ አደጋ ሕሙማንን የመትረፍ ዕድል የመተንበይ ታሪክ ከማንኩሳ መንገድ ሲታይ

መግቢያ

ከባድ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሰው በቃሬዛም ሆነ በመኪና ከሆስፒታል በር ሲደርስ፣ ያመጡት ሰዎች አስቀድመው የሚያቀርቡት ጥያቄ «ይተርፋል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ግን የቤተሰብ ብቻ አይደለም። አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍልና ጥቂት ከረጢት ደም ያለው ሆስፒታል ማንን አስቀድሞ እንደሚያክም፣ ማንን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል እንደሚልክ፣ ለቤተሰብም ምን እንደሚነግር መወሰን ይኖርበታል። በመሆኑም የሕክምና ሙያ ከጥንት ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ኖሯል። መልሱም በመጀመሪያ በልምድ፣ ቆይቶም በቁጥር ሲሰጥ ቆይቷል።

ይህ ጽሑፍ የዚህን ፍለጋ ታሪክ በምዕራብ ጎጃም ከምትገኘው ከማንኩሳና ከአካባቢዋ ታሪክ ጋር በማያያዝ በአጭሩ ይቃኛል። ከቅኝቱ ጎልቶ የሚወጣው ነጥብ አንድ ነው፤ ይኸውም በየዘመኑ የመትረፍ ሚዛን የተሠራው ከሐኪም ዘንድ በደረሱት ጉዳተኞች ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ በመንገድ የቀሩት ግን ሳይቆጠሩ መቅረታቸው ነው።

ከግብፅ ፓፒረስ እስከ ጦር ሜዳ ልየታ

ስለ ጉዳት ትንበያ የሚናገረው እጅግ ጥንታዊ ሰነድ ከዓባይ ወንዝ ታችኛው ተፋሰስ የተገኘ ነው። የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው ይህ የግብፅ ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠ ሲሆን፣ 48 የሕክምና ጉዳዮችን ከራስ ጀምሮ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። አብዛኞቹም የቁስልና የስብራት ጉዳዮች ናቸው። ጸሐፊው ጉዳቱን ከመረመረ በኋላ ከሦስት ብያኔዎች አንዱን ይሰጣል፤ የሚታከም፣ ከእርሱ ጋር ትግል የሚገጠምበት፣ ወይም የማይታከም። ዛሬ በድንገተኛ ክፍል የሚደረገው ልየታ መሠረተ ሐሳብ በእነዚህ ሦስት ቃላት ውስጥ ይገኛል።

በአውሮፓ ልየታን በሥርዓት ያስጀመሩት የናፖሊዮን የጦር ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ ናቸው። ላሬ ቁስለኛ የሚታከምበት ቅደም ተከተል በማዕረግ ሳይሆን በጉዳቱ ክብደት መወሰን እንዳለበት ከማስተማራቸውም በላይ፣ ቁስለኛን ከጦር ሜዳ በፍጥነት የሚያነሱ በፈረስ የሚጎተቱ ጋሪዎችን አደራጅተዋል። ሩሲያዊው ቀዶ ሐኪም ኒኮላይ ፒሮጎቭም በክራይሚያ ጦርነት ወቅት ቁስለኞችን እንደ ጉዳታቸው እየለዩ የማስተናገድን ሥርዓት አስፋፍተዋል።

የዚህ የሩሲያ የጦር ሕክምና ልምድ ወራሾች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከዐድዋ ድል በኋላ ነበር። ውጊያው የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን አዲስ አበባ የገባው ግን ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ቡድኑ ብዙ ቁስለኞችን አክሟል። የሩሲያ ሐኪሞች ሥራም በኢትዮጵያ ለዘመናዊ ሆስፒታል አገልግሎት መጀመር ምክንያት ሆኗል። ይሁን እንጂ ሐኪሞቹ ያዩት በደረት፣ በሆድና በራስ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶባቸው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ያለፉትን አልነበረም። ያዩት ከትግራይ እስከ ሸዋ ያለውን ጉዞ የቻሉትን ነው። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሥር ዘምቶ በነበረው የጎጃም ጦር ውስጥ ቆስለው በየአገራቸው መንገድ የቀሩትም በማንኛውም የሐኪም መዝገብ አልሰፈሩም።

ወጌሻና ቃሬዛ

ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የጉዳተኛውን ዕጣ የሚተነብየው ወጌሻ ነበር። ወጌሻው አጥንቱን ዳስሶ፣ ስብራቱን አቃንቶ፣ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ደግፎ ያስራል። ቁስሉ ወደ ውጭ የተከፈተ መሆን አለመሆኑን፣ ጉዳተኛው መናገር መቻል አለመቻሉን፣ እህል ውኃ መቅመስ አለመቅመሱን አይቶም ተስፋውን ይመዝናል። ከእነዚህ ምልክቶች ውስጥ ሁለቱ፣ ማለትም የንቃተ ኅሊና ሁኔታና የስብራቱ ዓይነት፣ በኋላ ዘመን በተሠሩት መለኪያዎችም ውስጥ ገብተዋል። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ስብራት የደም ዝውውርን አግዶ ለጋንግሪንና እጅን ወይም እግርን ለመቁረጥ እንደሚዳርግ በኢትዮጵያ የቀዶ ሕክምና ጽሑፎች ተደጋግሞ ተመዝግቧል።

የወጌሻው ተጓዳኝ ቃሬዛ ነው። በብዙ የአማራ ክልል ገጠሮች ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሕክምና ማድረስ የጎረቤት ሁሉ ግዴታ ነው። ሸክሙ በየተራ የሚደርስ በመሆኑ የሰው ቁጥርና የመንገዱ ርዝመት የጉዞውን ሰዓት ይወስናሉ። ክረምት ሲሆን የሞላ ወንዝ ሰዓቱን ወደ ቀን ይለውጠዋል።

ጎጃም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.

ማንኩሳ በብዙ አንባብያን ዘንድ የምትታወቀው በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ነው። ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ ወደ ቡሬ የሚዘልቀው መንገድ ግን በጦር ቁስለኞችም ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን ሲወር የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ። በታኅሣሥ ወር በተከዜ አካባቢ ወታደሮቻቸው በሰናፍጭ ጋዝ ተጠቁ። ቆዳቸው እየተላጠ፣ ዓይናቸው እየታወረ ለመጡት ቁስለኞች ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚሰጥ የሚያውቅ በአካባቢው አልነበረም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ከወረራው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ የብሪታንያ፣ የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የኔዘርላንድ፣ የፊንላንድና የግብፅ የሕክምና ቡድኖችም በየግንባሩ ተሰማርተው ነበር። እነርሱም ቢሆኑ ከጥቃት አልዳኑም፤ በዚያው በታኅሣሥ ወር የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በመልካ ዲዳ በቦምብ ተመትቷል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ወደ ማንኩሳ መንገድ ራሱ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ከገቡ በኋላ፣ በኋላ ጄኔራል የሆኑት ኦርድ ዊንጌት የሚመሩት የጌድዮን ኃይል የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮችን ይዞ ወደ ምዕራብ ጎጃም ገሠገሠ። የጎጃም አርበኞችም ለዓመታት ባላቋረጠ ተጋድሎ ጠላትን በምሽጉ ወስነውት ነበር። በየካቲት ወር መጨረሻ በቡሬና በማንኩሳ ምሽጎች ላይ ጥቃት ተከፈተ። የካቲት 25 ቀን የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። የካቲት 27 ቀንም በደምበጫ አቅራቢያ በቁጥር እጅግ ከሚያንሰው ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተጋጥሞ ከባድ ውጊያ ተደረገ።

በዚህ ዘመቻ የቆሰለ ወታደር ዕጣ ፈንታ የተንጠለጠለው በቁስሉ ብቻ አልነበረም። የኃይሉ የኋላ ደጀን ሱዳን ስለነበር ስንቅም መድኃኒትም የሚመጣው በግመል፣ በቆላና በደጋ ረጅም ጉዞ አልፎ ነው። ከተነሡት ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አልቀዋል። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሆዱን የተመታ አርበኛ በቀዶ ሕክምና ሊደረስለት የሚችልበት ዕድል እጅግ የመነመነ ሲሆን፣ እግሩን የተመታው ግን ደሙ ከቆመለትና ቁስሉ ካልመረቀዘ ሊተርፍ ይችል ነበር።

ቁጥር ወደ ሕክምና ሲገባ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢንዱስትሪ በበለጸጉ አገሮች ትልቁ የጉዳት ምንጭ መኪና ሆነ። የትንበያ ሳይንስም ከጦር ሜዳ ወደ አውራ ጎዳና ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ የታተመው አጭር የጉዳት መለኪያ እያንዳንዱን ጉዳት ከ1 እስከ 6 ባለው ነጥብ ይመድባል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሱዛን ቤከርና ባልደረቦቻቸው በባልቲሞር ከተማ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዱ 2 ሺሕ 128 ሰዎችን መዝገብ መርምረው፣ የሞት መጠን ከነጥቡ ጋር በቀጥታ እንደማያድግ አስተዋሉ። ሰውነትን በስድስት ክፍሎች መድበው ከሁሉ የከፉት የሦስቱ ክፍሎች ነጥብ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ግን ውጤቱ ከሞት መጠን ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ከፍተኛው ድምር 75 የሆነው የጉዳት ክብደት ነጥብ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት ግርሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት የግላስጎው የኮማ መለኪያን አሳተሙ። ዓይን በመክፈት እስከ 4፣ በንግግር እስከ 5፣ በአካል እንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ የሚሰጠው ይህ መለኪያ ከ3 እስከ 15 ይዘልቃል። ውድ መሣሪያ ስለማይጠይቅም በጤና ጣቢያ ደረጃ ሳይቀር ሊሠራበት የሚችል ሆኗል። ጥንቃቄ ግን ያሻዋል። አረቄ ጠጥቶ የተደበደበ ሰው ነጥቡ ዝቅ ቢል መንሥኤው መጠጡ ነው ብሎ ማሰብ በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደምን እንዳያዩ ያደርጋል።

ቀጥሎ ሃዋርድ ቻምፒዮንና ባልደረቦቻቸው የኮማ መለኪያን፣ ላይኛውን የደም ግፊትና የትንፋሽ ብዛትን አቀናጅተው የጉዳት ነጥብ አዘጋጁ። የተሻሻለውም እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ። ይህንን የሰውነት ሥራ መለኪያ ከጉዳት ክብደት ነጥብ፣ ከዕድሜና ከጉዳቱ ዓይነት ጋር የሚያጣምረው ትሪስ የተባለው ስሌት እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1987 በ139 የሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች የታከሙ 80 ሺሕ 544 ጉዳተኞችን ያካተተው ጥናትም የማነጻጸሪያ መሠረት ሆነ።

የእነዚህ ስሌቶች ዋና ጥቅም ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ትሪስ የተዘጋጀው ሐኪሙ በአልጋው አጠገብ ቆሞ ማን እንዲተው እንዲወስን አይደለም። በስሌቱ መሠረት የመትረፍ ዕድሉ ከግማሽ በላይ የነበረ ሕመምተኛ ሲሞት፣ ሆስፒታሉ «ይህ ሰው ለምን ሞተ?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። የአየር ቧንቧው ዘግይቶ ተከፍቶ ይሆን? ደም አልተገኘለት ይሆን? በሆዱ ውስጥ ያለው መድማት ሳይታወቅ አድሮ ይሆን? ከነጥቡ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ከእነዚህ ጥያቄዎች የሚመነጨው ነው።

የካምፓላ ነጥብ

የባልቲሞር ሚዛን በአፍሪካ ገጠር ሲሠራበት ሁለት ችግሮች ይገጥሙታል። አንደኛው፣ የጉዳት ክብደት ነጥብ በትክክል የሚሞላው በሲቲ ስካን፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በአስከሬን ምርመራ በመሆኑ፣ እነዚህ በሌሉበት ጉዳቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል። ሁለተኛው፣ ስሌቱ ብዙ መረጃ ስለሚጠይቅ በሌሊት ተረኛ የሆነ አንድ ባለሙያ ሊሞላው አይችልም።

ለዚህ መልስ ሆኖ የመጣው በኡጋንዳ በኦሊቭ ኮቡሲንግዬና በሮናልድ ሌት ሥራ የዳበረው የካምፓላ የጉዳት ነጥብ ነው። ነጥቡ አምስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል። ዕድሜው ከ5 እስከ 55 ዓመት ለሆነ 2፣ ከዚያ ለሚያንስ ወይም ለሚበልጥ 1 ይሰጣል። ላይኛው የደም ግፊት ከ89 በላይ ከሆነ 4፣ ከ50 እስከ 89 ከሆነ 3፣ ከ1 እስከ 49 ከሆነ 2፣ ካልተገኘ 1 ነው። ትንፋሽ በደቂቃ ከ10 እስከ 29 ከሆነ 3፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 2፣ 9 እና ከዚያ በታች ከሆነ 1 ይሰጠዋል። የነቃ 4፣ ለድምፅ የሚመልስ 3፣ ለሕመም ብቻ የሚመልስ 2፣ የማይመልስ 1 ያገኛል። ከባድ ጉዳት ለሌለው 3፣ አንድ ላለው 2፣ ከአንድ በላይ ላለው 1 ይሰጣል። ከ14 እስከ 16 ቀላል፣ ከ11 እስከ 13 መካከለኛ፣ ከ11 በታች ከባድ ተብሎ ይመደባል።

ለምሳሌ ያህል፣ ከማንኩሳ ገጠር ከዛፍ ወድቆ የመጣ የ30 ዓመት ገበሬ ይታሰብ። የደም ግፊቱ 85፣ ትንፋሹ 32፣ ሲጠሩት የሚመልስ፣ አንድ ከባድ ጉዳት ያለበት ነው። ነጥቡ 2፣ 3፣ 2፣ 3 እና 2 ተደምሮ 12 ስለሚሆን መካከለኛ ይባላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ የደም ግፊቱ ወደ 45 ወርዶ ለሕመም ብቻ የሚመልስ ከሆነ ግን ድምሩ 10 ይሆናል። ይህ ሰው ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ «መካከለኛ» እንደተባለ ወረፋ ሲጠብቅ ሊሞት ይችል ነበር። አንድ ጊዜ ከተገኘው ቁጥር ይልቅ የቁጥሩ አካሄድ የበለጠ ይናገራል።

መንገዱ የሚመርጣቸው

ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአስፋልቱ ዳር ወጣ ብሎ ላለ ቀበሌ ደግሞ ዋናው ርቀት እስከ አስፋልቱ ያለው ነው። በዚህ መካከል መንገዱ ራሱ ጉዳተኞችን ይመርጣል። ደማቸው በፍጥነት የሚፈስና የአየር ቧንቧቸው የተዘጋ ሰዎች ከሆስፒታል አይደርሱም። ከስምንትና ከአሥር ሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው ደግሞ እስከዚያ በሕይወት መቆየቱ ብቻ ከሌሎቹ የተለየ ያደርገዋል። ስለዚህ የባልቲሞርና የማንኩሳ ጉዳተኛ አንድ ዓይነት የደም ግፊት ቢኖራቸው እንኳ የሚጠብቃቸው ዕጣ አንድ ነው ማለት አይቻልም። አንዱ ገና እየደማ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ደግሞ መድማቱ ቆሞለት ቁስሉ የመረቀዘ ወይም ኩላሊቱ መሥራት ያቆመ ሊሆን ይችላል።

ያልደረሱት ምን ያህል እንደሆኑ አንድ ንጽጽር ያመለክታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ዘገባ፣ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በትራፊክ አደጋ የሞቱት ከ27 ሺሕ በላይ፣ ማለትም ከ100 ሺሕ ሰው 26.7 እንደሚሆኑ ገምቷል። በይፋ የተመዘገበው ግን ከ4 ሺሕ 400 ያነሰ ነበር።

የሰዓት ጉዳይ በሕክምናው ውስጥም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውና በ40 አገሮች 20 ሺሕ 211 ጉዳተኞችን ያሳተፈው ክራሽ 2 የተባለው ጥናት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚደሙ ጉዳተኞችን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይሁንና በቀጣዩ ትንታኔ ጥቅሙ የታየው መድኃኒቱ ጉዳቱ ከደረሰ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ከዚያ በኋላ ለተሰጣቸው ግን በመድማት የመሞት ዕድላቸው ጨምሮ ተገኝቷል። በመሆኑም ጉዳቱ የደረሰበትን ሰዓት ያልጻፈ ካርድ ለሐኪሙ መርዳትና መጉዳትን የማይለይ ካርድ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አስታማሚው «በሦስት ሰዓት» ሲል ከጠዋቱ ይሁን ከሌሊቱ መጠየቅ፣ በካርዱም ላይ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ብዙ ቁስለኛ በአንድ ጊዜ

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ የድሮን ጥቃት እንደሆነ የተዘገበ ፍንዳታ ደረሰ። አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለመገናኛ ብዙኃን በሰጡት መረጃ መሠረት 26 ሰዎች ሞተዋል፤ ከ50 በላይ የሚሆኑትም ቆስለዋል። ከማንኩሳና ከቡሬ በቅርብ ርቀት ባለች ከተማ፣ በአንድ ቀን ይህን ያህል ቁስለኛ ማስተናገድ የላሬንና የፒሮጎቭን ጥያቄ በዘመኑ ጤና ባለሙያ ፊት መልሶ ያቀርባል።

እንዲህ ባለ ሰዓት ረጅም ስሌት አይሠራም። የሚሠራው መራመድ መቻልን፣ መተንፈስን፣ የደም ዝውውርንና ንቃትን በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያይ ልየታ ነው። ተስፋ የለውም የተባለውም ቢሆን ለዘለቄታው አይተውም፤ የማስታገሻ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ሰው አጠገቡ ይሆናል፣ አጣዳፊዎቹ ከተስተናገዱ በኋላም እንደገና ይታያል። የመጀመሪያው ብያኔ በዚያች ሰዓት በነበረው አቅም ላይ የተሰጠ እንጂ በሰውየው ላይ የተፈረደ ፍርድ ባለመሆኑ፣ አቅሙ ሲለወጥ ብያኔውም መለወጥ አለበት።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው የጤና ባለሙያ ሦስት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛ፣ ከሌላ አገር የመጣ ነጥብ ሕመምተኛን ለማወዳደርና ለመከታተል ይረዳል፤ በአካባቢው ጉዳተኞች ላይ ሳይፈተን ግን ለቤተሰብ «ከመቶ ይህን ያህል ዕድል አለው» ብሎ ለመናገር መሠረት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ፈተናውን ለማካሄድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓት፣ ሆስፒታል የደረሰበት ሰዓት፣ አምስቱ የካምፓላ መለኪያዎች በተደጋጋሚ፣ በመጨረሻም ሕመምተኛው መዳን፣ መላክ ወይም መሞቱ በአንድ መስመር ቢመዘገቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አካባቢው የራሱ ሚዛን ይኖረዋል። ወደ ሌላ ሆስፒታል የተላከ ሕመምተኛ ውጤትም ተጠይቆ በዚያው መስመር ላይ ሊሞላ ይገባል። ሦስተኛ፣ ሲደርስ ሞቶ የተገኘው፣ በመንገድ ሞቶ ቃሬዛው ከመንገድ የተመለሰበትም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና በቀበሌው በኩል ተጠይቆ ሊመዘገብ ይገባዋል።

በ1888ና በ1933 ዓ.ም. በመንገድ የቀሩትን ቁስለኞች ቁጥር ዛሬ ማንም ሊመልሰው አይችልም። በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ መንገድ ነገ የሚመጣውን ጉዳተኛ መመዝገብ ግን በተረኛው ባለሙያ እጅ ያለ ሥራ ነው። ሊተርፍ ይገባው የነበረው ሰው ሲሞት ሞቱ «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ የሚያደርገውም ይኸው መዝገብ ነው።